መስጠት ለመዝገብ ቤቱ፣ መከልከል ለበላዩ፦ ስለ መረጃ ነፃነት ሕግ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቀን፦ ግንቦት 2015 ዓ.ም.

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም

ጉዳዩ፦ መረጃ የመስጠት ሥራ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል ወጥቶ ለመዝገብ ቤት እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን የምክር ቤት አባላት፤

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ሲወጣ ሁለት ጉዳይ በአንድ ላይ ይዞ ነበር። አንደኛው የጋዜጣ፣ የአሳታሚና የጋዜጠኛ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ጋዜጠኛ ይሁን ገበሬ፣ ተማሪ ይሁን ጡረተኛ፣ ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለ መረጃ ጠይቆ የማግኘት መብቱ ነው። በ2013 የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲታወጅ የፊተኛው ጉዳይ አዲስ ሕግ አገኘ። የኋለኛው ግን የራሱ ሕግ እስኪወጣለት ድረስ በአሮጌው አዋጅ ውስጥ እንዲቆይ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በየቢሮው አንድ ወሬ ይሰማል፤ «590 ተሽሯል» የሚል። የተሻረው የመጀመሪያው ግማሽ ነው፤ ሰው የሚመለስበት ግን በሁለተኛው ነው።

አንድ ቀን አዲስ ረቂቅ ወደ እናንተ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ስለ ሀገር ደኅንነት፣ ስለ ግለሰብ ምስጢር፣ ስለ ቅጣት ብዙ ትከራከራላችሁ። እኔ የማነሣው ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ጥያቄ ነው። መረጃ ፈላጊው በሩ ላይ ሲደርስ ማን ይቀበለው? ያለው ሕግ «የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው» ይላል። ይህች አንዲት ምርጫ የቀረውን አዋጅ ሁሉ አላልታዋለች ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ ራሱ መጥፎ ሕግ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ነገር ከፕሬስ ነፃነት ጋር አያይዞ አስቀምጦታል። አዋጁ ይህን ወደ መሬት ለማውረድ ሞክሯል። ለመልስ 30 ቀን ወሰነ። ከሰነዱ ከፊሉ ምስጢር ቢሆን ያው ክፍል ተሸፍኖ የቀረው እንዲሰጥ አለ። ምስጢር የተባለውም ቢሆን መውጣቱ ለሕዝብ የሚያስገኘው ጥቅም ከጉዳቱ ከበለጠ እንዲወጣ መንገድ ከፈተ። የተከለከለ ሰው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያ ለፍርድ ቤት አቤት የሚልበትን ደረጃ ሠራ። መሥሪያ ቤቶች ማንም ሳይጠይቃቸው ሥልጣንና ተግባራቸውን፣ አገልግሎታቸውን፣ የአቤቱታ አቀራረባቸውን እንዲያሳትሙም አዘዘ። ወረቀቱን ብቻ ያነበበ ሰው በዚህ ሀገር መረጃ የተቸገረ አለ ብሎ አያምንም።

አሁን ይህ ሁሉ ሸክም የተጫነበትን ሰው እንየው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ፣ በዛሬው አጠራር የኮሙኒኬሽን ዳይሬክተር፣ ሥራው የመሥሪያ ቤቱን መልካም ገጽታ መገንባት ነው። የሚለካው ስንት ዜና በቴሌቪዥን አስወጣ፣ ስንት ፎቶ በፌስቡክና በቴሌግራም ገጽ ለጠፈ፣ ስንት መጽሔትና ብሮሹር አሳተመ ተብሎ ነው። የብዙዎቹን መሥሪያ ቤቶች ገጽ ብትከፍቱ ችግኝ የሚተክሉ፣ ሪባን የሚቆርጡ፣ በአዳራሽ የተሰበሰቡ፣ «የመስክ ምልከታ» ያደረጉ ኃላፊዎች በተርታ ታያላችሁ። ይህን ሥራ አልንቅም፤ መሥሪያ ቤት ስለ ራሱ መናገር አለበት፤ የሚናገርለትም ሰው ያስፈልገዋል። ነገር ግን ባለጉዳዩ የሚፈልገው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ለፎቶ የማያምረው ነው። የቆመው ግንባታ እስከ ዛሬ ስንት ተከፈለበት? ጨረታው ለምን ተሰረዘ? የካሳዬ ስሌት በየትኛው ነጠላ ዋጋ ነው የተሠራው? እንዲህ ላለው ጥያቄ በር ከፋች ብለን ያስቀመጥነው ሰው እንጀራው የቆመው በሩ በመዘጋቱ ላይ ነው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሁለት ጌታ ሰጥተነዋል፤ አንደኛው ደመወዙን የሚፈርምለት አለቃው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ስሙን እንኳ የማያውቀው፣ ከበር የመጣ ባለጉዳይ ነው። ማንን እንደሚያስቀድም መገመት ጥበብ አይጠይቅም።

የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከመመረጣችሁ በፊት እናንተም ባለጉዳይ ነበራችሁ። መጀመሪያ ጥበቃው «ቀጠሮ አለህ?» ይላል። ቢሮው ሲደረስ «ከየት ነው የመጣኸው?» ይባላል። ከጋዜጣ ከሆነ የፕሬስ መታወቂያ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከሆነ የትብብር ደብዳቤ፣ ከቤቱ ከሆነ ደግሞ ግራ መጋባት ይመጣል፤ ከቤቱ የመጣ ሰው ምን ደብዳቤ ያመጣል? ቀጥሎ «ለምን ፈለግኸው?» ይመጣል። ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስብሰባው ሲያልቅ መስክ ወጥተዋል፤ ከመስክ ሲመለሱ ጥያቄው «ከላይ ሲፈቀድ» ይታያል። «አይሰጥህም» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ የሚሰጥ ሰው ግን የለም። የአዋጁ የይግባኝ ደረጃ ሁሉ ሳይነካ የሚያድረው እዚህ ላይ ነው። በጽሑፍ ያልተከለከለ ሰው ምን ይዞ ይግባኝ ይላል?

«ለምን ፈለግኸው?» የሚለው ጥያቄ ጥቂት ያቆየኛል። የደቡብ አፍሪካ የመረጃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ በመንግሥት እጅ ላለ ሰነድ ጠያቂው የሚሰጠው ምክንያትም ሆነ ሠራተኛው ስለ ምክንያቱ የሚገምተው ነገር መብቱን እንደማይነካው በግልጽ ጽፏል። የእኛም ሕግ መብቱን «ለማንኛውም ሰው» ብሎ ከሰጠ በኋላ ምክንያት መጠየቅ ትርጉሙ ምንድን ነው? ፍላጎቱ ጸብ ይሁን፣ ጥናት ይሁን፣ ወይም ዝም ብሎ ማወቅ፣ ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው። አዲሱ ሕግ ይህን ጥያቄ በስሙ ጠርቶ ይከልክልልን።

ስለ መዝገብ ቤት የምናገረው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም፤ ከሥራ ዘመኔ የሚበዛውን ያሳለፍሁት እዚያ ነው። መዝገብ ቤት ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ነው፤ ወይም ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ተቀጥቶ የሚመደብበት ቦታ ተደርጎም ይታያል። ሥራው ግን እንዲህ ነው፦ ደብዳቤ ሲገባ በገቢ መዝገብ ላይ ቀንና ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማኅደሩ ተፈልጎ ከእርሱ ጋር ተያይዞ ለኃላፊው ይወጣል፤ ኃላፊው ጠርዙ ላይ ጽፎ ለሚመለከተው ይመራዋል፤ መልሱ ሲፈረም በወጪ መዝገብ ይመዘገባል፤ ዋናው ይሄዳል፣ ቀሪው ማኅደሩ ውስጥ ይገባል። ጥሩ መዝገብ ቤት ያለው መሥሪያ ቤት ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደ ወሰነ ከአንድ ማኅደር ላይ ይነበባል። ሚኒስትር ቢቀየር፣ መሥሪያ ቤቱ ስሙ ቢቀየር፣ ሕንፃ ቢለቅ፣ ማኅደሩ አለ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የትኛው ወረቀት የት እንደሚገኝ የሚያውቀው ያ ምድር ቤት ያለው ሠራተኛ ነው፤ ስለ ወረቀቱ እንዲናገር የተፈቀደለት ደግሞ ላይኛው ፎቅ ያለው ዳይሬክተር ነው። ዳይሬክተሩ የተጠየቀውን ለማግኘት ራሱ ወደ ምድር ቤቱ ሰው ይልካል። ታዲያ ባለጉዳዩን ለምን እንዲህ እናዞረዋለን? ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው የሚባለው በከንቱ አይደለም።

በዚሁ ላይ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ከርዕሴ የወጣሁ ቢመስልም አልወጣሁም። አሁን አሁን ውሳኔው ሁሉ በወረቀት አይወሰንም። ኃላፊው በቴሌግራም ያዛል፣ በስልክ ያጸድቃል፣ ፎቶ የተነሣ ሰነድ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። ሰውየው ሲነሣ ስልኩን ይዞት ይሄዳል፤ መሥሪያ ቤቱ ትዝታውን አብሮ ያጣል። ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ ለእናንተ ከሚያሰማው ሪፖርት ውስጥ «የወጪ ማስረጃ ያልቀረበበት» የምትለዋን ሐረግ ሳትሰሙ የወጣችሁበት ዓመት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ማስረጃው ያልቀረበው ተሰርቆ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያውኑ በቦታው አልተቀመጠም። ያልተመዘገበ ነገር ላይ የመረጃ መብት ማወጅ የባዶ ጎተራ ቁልፍ መስጠት ነው። የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 አለን፤ መዝገብን የሚመለከት ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የጎደለው ያንን ሕግና የመረጃ መብቱን ሕግ የሚያገናኝ ድልድይ ነው። አዲሱ አዋጅ በስልክም ቢሆን የተሰጠ የሥራ ትእዛዝ ወደ ማኅደር እንዲገባ ቢያስገድድ፣ ከማንኛውም የቅጣት አንቀጽ ይልቅ ይጠቅማል።

መረጃ አስቀድሞ ቢወጣ ምን እንደሚከላከል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐምሌ 2014 በአዲስ አበባ የ14ኛው ዙር የ20/80 እና የ3ኛው ዙር የ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ። ከ25 ሺህ በላይ ቤት ነበር። ዘመድ ለዘመድ «እንኳን ደስ አለህ» ተባብሎ ገና ሳይጨርስ፣ ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመረጃው ውስጥ መግባታቸው ተነገረ፤ ዕጣው ተሰረዘ፤ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ። በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። በ1997 እና በ2005 ተመዝግቦ ከጉሮሮው ቀንሶ ሲቆጥብ ለኖረ ሰው እነዚያ ወራት ምን እንደነበሩ እናንተው ገምቱት።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁሉም ስለ ሶፍትዌሩ ያወራል። ማን ሠራው፣ ማን ፈተሸው፣ በየትኛው ተቋም ተረጋገጠ። እኔ የማነሣው ሌላ ነው። ወደ ዕጣው የሚገቡት ሰዎች ዝርዝር ዕጣው ከመውጣቱ በፊት፣ በየወረዳው ግድግዳና በድረ ገጽ፣ ስምና የምዝገባ ቁጥር ብቻ ቢለጠፍ ኖሮስ? በማኅበርም በእድርም የሚተዋወቅ ሕዝብ ነው። «ይኼ ሰው መቼ ተመዘገበ?» የሚል ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገኝ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና ምርመራው ከዕጣው በኋላ መጣ። «የሰው ስም ነው፣ የግል መረጃ ነው» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። የባለዕድሎቹን ስም ግን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ስናነብ ኖረናል። የደረሰው ሰው ስም ለሕዝብ ከተነገረ፣ ዕጣው ውስጥ የገባው ሰው ስም ምኑ ነው የሚደበቀው? የቁጠባው መጠን ይሸፈን፣ የመታወቂያ ቁጥሩ ይሸፈን፣ ስልኩ ይሸፈን። ከፊሉን ሸፍኖ ከፊሉን ስጥ የሚለው ድንጋጌ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

በገጠሩ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። ከ1997 ጀምሮ በዘለቀው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በሕዝብ ፊት እንዲነገርና እንዲለጠፍ፣ ቅር ያለው ሰውም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት መመሪያው ያዛል። በየቦታው በትክክል ይፈጸማል አልልም። ነገር ግን ማንበብ የማይችል ገበሬ የጎረቤቱን ስም ሰምቶ «ይህማ ሁለት ጥንድ በሬ አለው» የማለት ዕድል በመመሪያ ከተሰጠው፣ የከተማው ነዋሪ ምን በደለ?

የሕንድን ነገር የማነሣውም ከዚሁ ጋር ስለሚገናኝ ነው። የሕንድ የመረጃ መብት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2005 ይውጣ እንጂ የተፀነሰው በራጃስታን ገጠር፣ በድርቅ ጊዜ ለመንግሥት ሥራ አፈር ሲቆፍሩ በዋሉ የቀን ሠራተኞች መካከል ነው። ሙሉ ቀን ቆፍረው ክፍያቸው ከሕጋዊው ዝቅተኛ ደመወዝ በታች ሲሆንባቸው ለምን ብለው ጠየቁ፤ «መዝገቡ ላይ የሠራችሁት ይህን ያህል ነው» ተባሉ። መዝገቡን አሳዩን ሲሉ ምስጢር ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ማኅበር መሠረቱ፤ ከ1994 ጀምሮ መንደር ለመንደር ሸንጎ እየጠሩ በእጃቸው የገባውን የክፍያ ሰነድ በሕዝብ ፊት ጮክ ብለው አነበቡ። ተሠራ ተብሎ የተከፈለበት ነገር ግን መሬት ላይ የሌለ ግንባታ ወጣ፤ የሞተ ሰው የቀን ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። ሕጉ ሲወጣ በየመሥሪያ ቤቱ የመረጃ ኃላፊ እንዲሰየም አዘዘ፤ ያለ በቂ ምክንያት ላዘገየ ኃላፊም በቀን 250 ሩፒ፣ እስከ 25 ሺህ ሩፒ የሚደርስ ቅጣት ከራሱ ኪስ አስቀመጠ። ይህኛውን እንዳለ እንድትገለብጡ አልመክርም። እኛ ሀገር እንዲህ ያለ ቅጣት የሚያርፈው በትንሹ ሠራተኛ ላይ ነው፤ ትእዛዙን የሰጠው አለቃ ሳይነካ ያልፋል። እኔ የማየው ሌላውን ነው፤ የእነዚያ ቆፋሪዎች ጥያቄ ከመጀመሪያው ስለ መዝገብ ነበር። መግለጫም ፎቶም አልፈለጉም።

ከሁሉም የምመርጠው ግን የስዊድንን ነው፤ ዕድሜውም የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1766፣ በእኛ ሀገር ጎንደር ላይ አፄ ኢዮአስ በነገሡበት ዘመን፣ የስዊድን ሸንጎ የመንግሥት ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን በሕግ ደነገገ። ነገሩን በብዙ የገፋው ከዛሬዋ ፊንላንድ የሄደ አንደርስ ኪዴኒየስ የሚባል የገጠር ቄስ ነበር። በዛሬው የስዊድን አሠራር ጥያቄ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚያየው ሰነዱን የመያዝ ኃላፊነት ያለበት ሠራተኛ ነው። የሚሰጥ ከሆነ ይሰጣል፤ ለማንም አያስፈቅድም። የተጠራጠረ እንደሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ያቀርባል፤ መከልከል ካስፈለገ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ይወስናል፤ ያ ውሳኔ ይግባኝ ይባልበታል።

ክቡራትና ክቡራን፣ የደብዳቤዬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ለመስጠት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለመከልከል ግን ማንም አይጠየቅም። ጥበቃው ይከለክላል፣ ጸሐፊዋ ትከለክላለች፣ ዝምታውም ይከለክላል፤ ለመስጠት ግን ሚኒስትሩ ይጠበቃሉ። ይህን ገልብጡልን። ትንሹ ሠራተኛ የመስጠት ሥልጣን ይኑረው፤ የመከልከል ሥልጣን ደግሞ የበላዩ ብቻ ይሁን፤ እርሱም አንቀጽ ጠቅሶ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ።

«የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምስኪን ነው፤ አለቃው ዓይኑን ሲያፈጥበት ይፈራል» የምትሉኝ ካላችሁ እውነታችሁን ነው፤ ከሚነሡብኝ ተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። እኔም ፈርቼ አውቃለሁ። ለዚህ ነው መከልከሉን ከእርሱ ላይ አውርዱለት የምለው። «ስጥ» የሚለው ሕግ ነው፤ «አትስጥ» የሚለው አለቃው ከሆነ አለቃው ይፈርም። ሰነድ በመስጠቱ ሠራተኛው ከቦታው እንዳይነሣ፣ ደረጃው እንዳይነካ ሕጉ በግልጽ ይጠብቀው። የሥራ መደቡም ከፍ ይበል፤ የመረጃና የመዝገብ ኃላፊ የሚባል፣ በቂ ደመወዝ ያለው፣ ተጠሪነቱም ለኮሙኒኬሽን ያልሆነ መደብ ይከፈት። ብዙ አዲስ ሰው መቅጠር አያስፈልግም፤ ሰዎቹ አሉ፣ ምድር ቤት ናቸው።

የደኅንነቱን ነገር አጭር አደርገዋለሁ። ሀገራችን በከባድ ጦርነት ውስጥ አልፋለች፤ አንዳንድ ወረቀት ለጊዜው ተዘግቶ መቀመጥ እንዳለበት ማንም ልብ ያለው ሰው አይክድም። ያለው አዋጅም ለደኅንነት፣ ለውጭ ግንኙነት፣ ለካቢኔ ሰነድ፣ ለወንጀል ምርመራ፣ ለሦስተኛ ወገን የንግድና የግል ምስጢር በቂ አጥር አጥሯል። ችግሩ አጥሩ ያላጠረው ነገር ሁሉ በአጥሩ ስም መከልከሉ ነው። የአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ግዥ ዝርዝር የሀገር ደኅንነት ሆኖ አያውቅም።

ሥራ ይበዛብናል የሚል መልስም ይመጣ ይሆናል። ሳይጠየቅ የታተመ መረጃ ጥያቄ ያስቀራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ለሌሎች ፍርድ ቤቶች አስገዳጅ ከሆነ በኋላ ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ወጡ። ዛሬ ጠበቃውም፣ ተማሪውም፣ ተከራካሪውም በስልኩ ይዟቸው ይዞራል። ማንም ለእነርሱ የትብብር ደብዳቤ አይጽፍም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚሠራበትን የካሳ ነጠላ ዋጋ ወረዳው በየዓመቱ በራፉ ላይ ቢለጥፍ፣ በዚያ ጉዳይ የሚመላለሰው ባለጉዳይ ግማሹ ቤቱ ይውላል። ያኔ ግን ቤቱ መቅረቱ ተስፋ ቆርጦ ሳይሆን የፈለገውን አግኝቶ ይሆናል።

ከእንባ ጠባቂ ተቋሙ ጋር ጸብ የለኝም። ለእርሱም ግልባጭ ያደረግሁት ሸክሙን ስለማውቅ ነው፤ የአስተዳደር በደል አቤቱታ ሁሉ የሚጎርፍበት ተቋም በ1992 ሲቋቋም በዋነኛነት የታሰበው መርምሮ ምክረ ሐሳብ እንዲሰጥ ነው። የመረጃ ነፃነትን ማስፈጸም በኋላ ተጨመረበት። በመረጃ ጉዳይ ብቻ የሚሰጠው ውሳኔ ግዴታ ሆኖ የሚፈጸም እንዲሆን አዲሱ ሕግ ቢያደርግለት፣ የተቋሙም ክብር የባለጉዳዩም ተስፋ ይጨምር ነበር። እናንተ የምትሾሙት፣ ለእናንተ ተጠሪ የሆነ ተቋም ነው፤ እጁ ሲያጥር ያጠረው የእናንተ እጅ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አንቀጽ ከምክር የተለየ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የቀረበ የመረጃ ጥያቄ ሆኖ እንዲመዘገብልኝ አመለክታለሁ። በ2014 በጀት ዓመት ለምክር ቤቱ ተጠሪ የሆኑ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው ስንት የመረጃ ጥያቄ ቀረበላቸው? ስንቱን ሰጡ፣ ስንቱን በጽሑፍ ከለከሉ፣ ለስንቱ መልስ ሳይሰጡ 30 ቀኑ አለፈ? ከእነዚህ ውስጥ ለእንባ ጠባቂ ተቋም በይግባኝ የደረሱት ስንት ናቸው? ቁጥሩ በመሥሪያ ቤት ተለይቶ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። የማንም ጠያቂ ስም አያስፈልገኝም። ቁጥሩ ተሰብስቦ የማያውቅ ከሆነም ይኸው «አልተሰበሰበም» ተብሎ በጽሑፍ ይገለጽልኝ፤ እርሱም መልስ ነው።

የምክር ቤቱ መዝገብ ቤት በየትኛው በር በኩል እንደሆነ ብትነግሩኝ ዋናውን በእጄ አምጥቼ ገቢ አስደርገዋለሁ፤ የገቢ ቁጥሩን ቀሪዬ ላይ ጽፈውልኝ እመለሳለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ